ፑንቲናውን ሳታይ ካርቡራተሩን አትፍታ

ደሴ ውስጥ አንድ የቆየ ሞተር ሳይክል አቅም ሲያንሰው ፍርዱ ቶሎ ነው የሚሰጠው። "ካርቡራተር ነው" ይባላል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ይፈታል። ጂግለሩ (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው) ይነፋል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ ይገጠማል። ለጥቂት ቀን ደህና የሆነ ይመስላል። ከዚያ ሐረጎ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ዳገት፣ ያው ነው። ዳገቱን ሲጀምር ይደክማል፣ ማርሽ ሲቀነስለትም አይጎትትም፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ከልክ በላይ ይግላል። ቀጥሎ የሚመጣው "ፒስተን ይቀየር" ነው። ብዙ ብር ይወጣል፤ ችግሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሞተሩ ፑንቲና (የብልጭታውን ሰዓት የሚወስነው ማብሪያ ማጥፊያ) ያለው ከሆነ ካርቡራተሩን ከመንካታችሁ በፊት ፑንቲናውን እዩ። ያቺ ትንሽ ክፍል በየቀኑ ትበላለች። ስትበላ ድምፅ አታሰማም፣ ዘይት አታፈስም። የምታደርገው ነገር ቢኖር ብልጭታውን ከሰዓቱ በጥቂቱ ማዘግየት ነው። ዛሬ በጥቂቱ፣ ነገ በጥቂቱ። ነጂው አብሮ ስለሚለምደው አይታወቀውም። አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር እኩል ተነስቶ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲቀር ነው የሚገባው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ የአጎቴ ያማሃ ናት። ዋይ ቢ 100 ትባላለች። ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ መብራቷ ባለ 6 ቮልት። አጎቴ የጤና ሠራተኛ ነበር። ከደሴ በቦሩ ሜዳ አድርጎ ኩታበር፣ ከኩታበር ደግሞ መንገዱ ወደሚያልቅበት ገጠር የሚሄደው በእሷ ነው። በዚያ ዘመን ወሎ ገጠር ውስጥ ክትባት የሚያደርሰውም፣ ስለ ሰብል ዘር የሚያስተምረውም፣ ትምህርት ቤት የሚጎበኘውም ሰው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር ላይ ነበር የሚወርደው። ስለነዚህ ሞተሮች ማንም ብዙ አያወራም። እኔ ግን ሀገር ያገለገሉ ናቸው ብዬ ነው የማምነው። ለዚህም ነው ቁራሌው በር ላይ እየተጣራ ሲያልፍ ዋጋ ቢሰጣትም ያልሸጥኳት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት ጀርባ ማገዶ ተከምሮባት ተደበቀች። ሁሉም ካለፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ የነካት የለም። ለሞተር የሚሆን ልብ ማን ነበረው? በኋላ አውጥቼ ፔዳሉን ስረግጥ መጭመቂያዋ ጥሩ ነው፣ ቤንዚኑም ይደርሳል። ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል) አውጥቼ ከሲሊንደሩ ራስ ጋር አስነክቼ ስረግጥ ግን ምንም የለም። ከናካቴው ብልጭታ አልነበረም።

ሞተር ቆሞ ሲኖር ፑንቲና ይታመማል። ሁለቱ የብረት ነጥቦች ላይ ስስ የዝገት ሽፋን ይሠራባቸዋል። ሽፋኑ ለዓይን እንኳ አይታይ ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ሲሠሩ ቢከርሙ እርስ በርስ እየተመታቱ ራሳቸውን ያጸዳሉ። ሲቆሙ ነው የሚበላሹት።

ፑንቲና ማለት በአጭሩ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ክብ ብረት) ውስጥ ማግኔት አለ። ቮላኖው ሲዞር ማግኔቱ በኮይሉ (በተጠቀለለው ሽቦ) ፊት እያለፈ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ያ ኤሌክትሪክ አጭሩን መንገድ ይዞ ወደ ቦዲ ይዞራል። ልክ ፒስተኑ ወደ ላይ ሊደርስ ሲል የቮላኖው ወገብ ላይ ያለው ካም (ጎበጥ ያለው ጠርዝ) ፑንቲናውን ይከፍተዋል። መንገዱ ተቆረጠ። ኤሌክትሪኩ በድንገት ወደ ቦቢናው ይወረወራል። ቦቢናው ከ10,000 ቮልት በላይ አድርጎ ካንዴላው ጫፍ ላይ ይለቀዋል። ብልጭ የሚለው ፑንቲናው በተከፈተባት ቅጽበት ነው። ከዚያች በፊትም፣ ከዚያች በኋላም አይደለም።

ይህ ሥራ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ አስቡት። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር የሚፈጀው ከሰከንድ አንድ መቶኛውን ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ በየዙሩ ስለሚያቀጣጥል ፑንቲናው በሰከንድ 100 ጊዜ ይከፈታል፣ 100 ጊዜ ይዘጋል። በ5,000 ዙር አንድ ሰዓት ብትነዱ 300,000 ጊዜ ነው። ከካሙ ጋር እየተፋጨ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከጥፍር የማይበልጥ የፋይበር ተረከዝ ነው። አለመበላቱ ነበር የሚገርመው።

ፒስተኑ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚቀጣጠለው ለምንድን ነው የሚል ይኖራል። ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ ሲቀጣጠል በአንዴ አይነድም። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ክፍሉን እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ግፊቱ ፒስተኑ መውረድ ሲጀምር እንዲደርስ እሳቱ ቀድሞ መለኮስ አለበት። መንዙማ ላይ ጭብጨባውን የሚያበላሽ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ከቀደመም ትንሽ ከዘገየም ሙሉ ጀማው ይታወክበታል። የኔዋ ሞተር ልኳ 1.8 ሚሊሜትር ነው። ማለትም ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሊደርስ 1.8 ሚሊሜትር ሲቀረው ፑንቲናው መከፈት አለበት። በዲግሪ 20 አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ከዘገየ ሞተሩ ይደክማል፣ ነበልባሉም ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ማርሚታው ስለሚወጣ ማርሚታው ይግላል። ከቀደመ ደግሞ ሲነሳ እግር ይመታል፣ ዳገት ላይ ያንኳኳል፣ ከባሰም ፒስተኑን ይበሳል።

ነገሩ በጣም የቆየ ነው። የሮበርት ቦሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1897 ማግኔቶን (በማግኔት ብልጭታ የሚያመነጨውን መሣሪያ) መኪና ነክ በሆነ ነገር ላይ መጀመሪያ የገጠመው በዴ ዲዮን ቡቶን ባለ ሦስት እግር ላይ ነበር። በ1902 የዚያው ድርጅት መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶውን ከካንዴላው ጋር አደረሰው። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሜ የባጃጁን ሰልፍ ሳይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ማግኔቶ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን እግር የተከለው ባለ ሦስት እግር ላይ ነውና ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራው ልመለስ።

የግራውን ክዳን ስትከፍቱ ቮላኖው ይታያል። ፑንቲናው ከጀርባው ነው። በቮላኖው ላይ ባሉት መስኮቶች በኩል ማየትም ማስተካከልም ይቻላል። ለጽዳትና ለማደስ ግን ቮላኖው መውለቅ አለበት። እዚህ ላይ ቆም ልበልና ከልቤ ልናገር። ቮላኖ በመዶሻ አይወለቅም። ብዙ ቦታ ሲደረግ አይቻለሁ። ከጀርባው በሁለት ካቻቢቴ ይፈነቀላል፣ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ በመዶሻ ይመታል። ቮላኖው ይወጣ ይሆናል። የክራንኩ ጥርስ ግን ይጨፈለቃል፣ ክራንኩ ራሱ ከልኩ ሊወጣ ይችላል፣ ማግኔቱም በተደጋጋሚ ምት ይደክማል። ማውለቂያ አለው። በቮላኖው መሐል ጥርስ ላይ ተጠምዶ፣ መሐሉ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ቮላኖው ጠቅ ብሎ ይለቃል። ዋጋው ከአንድ ጎማ በታች ነው። አንድ ጋራዥ አንድ ቢኖረው ለስንት ሞተር ይበቃ ነበር።

ሲወልቅ መጀመሪያ የማየው ኪያቬታውን ነው። ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት ናት፤ ክራንኩ ላይ ተቀምጣ ቮላኖውን በትክክለኛ ቦታው እንዲገባ ትመራዋለች። ብዙ ሰው ቮላኖውን አጥብቃ የምትይዘው እሷ ትመስለዋለች። የሚይዘው ሾጣጣው መጋጠሚያና ዳዶው ነው። ሾጣጣው ላይ ዘይት ወይም ዝገት ካለ ቮላኖው ይንሸራተታል፤ ያኔ ኪያቬታዋ ትላጫለች። ሙሉ በሙሉ ባትቆረጥም ትንሽ ከተላጨች ታይሚንጉ (የብልጭታው ሰዓት) ተዛብቷል። ፑንቲናውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታስተካክሉ ሞተሩ ልክ አይመጣም። የኔዋ ላይ ኪያቬታዋ ደህና ነበረች። ሾጣጣውን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ በአልኮል አጸዳሁት።

ቀጥሎ ፓራውሊዮው ነው። ከቮላኖው ጀርባ በክራንኩ ዙሪያ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ማለቴ ነው። እሷ ከደረቀች ሁለት ጉዳት አለ። ዘይት ፑንቲናው ላይ ይረጫል፤ ነጥቦቹ ላይ ተቃጥሎ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። በዚያው ቀዳዳ ደግሞ ትርፍ አየር ወደ ሞተሩ ይገባና ቅልቅሉን ያሳሳዋል። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው ያለው ዙር) ዝም ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል ባለ ሁለት ስትሮክ ካያችሁ እዚህ ፈልጉ። የኔዋ ከንፈሯ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ቀየርኳት። ዋጋዋ ትንሽ፣ ጥቅሟ ትልቅ ነው።

አሁን ፑንቲናው። ነጥቦቹን በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። አንዱ ላይ ጉድጓድ አለ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ልክ የጉድጓዱን ያህል ጉብታ። ብረቱ ከአንዱ ተነስቶ ወደ ሌላው ሄዷል። በየመክፈቻው የምትነሳው ጥቃቅን ብልጭታ በዓመታት ያደረገችው ነው። ዙሪያቸው ግራጫ ነው፤ መሐሉ ሰማያዊ መሰል ጥቁር። ጫፉ ላይ ደግሞ አንድ ስስ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ይህን ጉብታ ሳታነሱ የክፍተት መለኪያ ብትከቱ መለኪያው ጉብታው ላይ ይቆምና የውሸት ቁጥር ይሰጣችኋል። "0.35 አድርጌዋለሁ" ትላላችሁ፤ እውነተኛው ክፍተት ከዚያ በላይ ነው።

ነጥቦቹን በምን እንደሚያሹ ሰው ይለያያል። አብዛኛው ሰው የብርጭቆ ወረቀት አጥፎ መሐላቸው ያስገባና ይጎትታል። እኔ አልስማማበትም። ከወረቀቱ የሚለቀው አሸዋ ነጥቡ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ወረቀቱ ለስላሳ ስለሆነም ጠርዙን ያጎብጠዋል። ለመንገድ ላይ ችግር ካልሆነ አልጠቀምበትም። ፑንቲናውን አውልቄ፣ በጠፍጣፋ ቀጭን ሞረድ ሁለቱም እስኪተኙ ቀስ ብዬ አሸኋቸው። ከዚያ አልኮል በነካ ደረቅ ካርቶን መሐላቸውን ጠረግኩ። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ጣት ጨርሶ አይነካውም፤ የጣት ቅባት ራሱ ይቃጠልና ሽፋን ይሆናል። ከገጠምኩ በኋላ ከብርሃን አንጻር ይዤ ሁለቱ ፊት ለፊት በሙሉ ገጻቸው መነካካታቸውን አያለሁ። በጠርዝ ብቻ የሚነካካ ፑንቲና በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይቃጠላል።

ነጥቡ ስስ ሆኖ ከስሩ ያለው ብረት መታየት ከጀመረ፣ ወይም ተረከዙ አልቆ ከሆነ ማደስ አይሠራም፤ አዲስ ነው። አዲሱን ስትገዙ ሞላውን በጣታችሁ ፈትኑት። ከአሮጌው እጅግ የላላ ከሆነ አትውሰዱት። የላላ ሞላ በከፍተኛ ዙር ፑንቲናውን በጊዜው መልሶ አይዘጋውም። ገበያ ላይ ካገኘሁት አዲስ ይልቅ የአጎቴን አሮጌ አድሼ መግጠም የመረጥኩበት ምክንያት ይህ ነው። ነጥቡ ገና ወፍራም ነው፣ ሞላውም ዛሬ ከሚሸጠው ይበረታል።

ስለ ኮንደንሰሩ አንድ ነገር ልበል፤ ያለ ጥፋታቸው የሚወቀሱ ክፍሎች የሚበዙት በሱ ምክንያት ነውና። ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ዘሎ እንዳያልፍ የሚቀበለው ኮንደንሰሩ ነው። ሲደክም ነጥቦቹ ላይ ወፍራም ብልጭታ ይታያል፤ በጥቂት ጊዜም ይቃጠላሉ። የድካሙ ጠባይ ግን ያሳስታል። ጧት ሞተሩ በአንድ እግር ይነሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ይጠፋል። ዳር አቁማችሁ ትጨነቃላችሁ። የሚያልፈው ሁሉ "አብሽር" እያለ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሰው "ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው" ይላል። ኮንደንሰሩ ነው። ውስጡ ያለው መከለያ ሲግል ያሾልካል፣ ሲበርድ ይመለሳል። የዚህ ዓይነት ሞተር ኮንደንሰር መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ነው። ቮላኖው ውስጥ የሚገባውን ካጣችሁ መጠኑ የሚመጣጠን ሌላ ኮንደንሰር ከውጭ፣ ከታንኩ ስር ከቦቢናው አጠገብ ማሰር ይቻላል። እዚያ ሙቀት ስለሌለ ዕድሜውም ይረዝማል። ይህን ያሳዩኝ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አዲስ መሣሪያ የላቸውም፤ ጆሮና ጣት ግን አላቸው። ሞተር ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ "መጀመሪያ ብልጭታዋን አሳየኝ።"

ልኩን ማስያዝ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። የኔዋ ላይ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን በብሎን የታሰረ ነው፤ አይዞርም። ስለዚህ ታይሚንጉን የማንቀሳቀስበት ብቸኛ መንገድ የፑንቲናው ክፍተት ነው። ክፍተቱን ሲያሰፉት ቀድሞ ይከፈታል፤ ሲያጠቡት ዘግይቶ። የተረከዙ መበላት ብልጭታውን የሚያዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ተረከዙ ሲያጥር ክፍተቱ ይጠባል። የነጥቦቹ መቃጠል ደግሞ በተቃራኒው ያሰፋዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚሄዱ ክፍተት ብቻ ለክቶ "ጨርሻለሁ" ማለት አይበቃም። የፒስተኑን ቦታ ማየት ግድ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ካንዴላውን አውጥቼ በቀዳዳው ባለ ሰዓት መለኪያ አስገባለሁ። የሌለው ሰው የካሊፐርን የጥልቀት ዘንግ መጠቀም ይችላል፤ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ከሆነና እጁ ከረጋ። ቮላኖውን በእጄ እያዞርኩ ፒስተኑ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ዜሮ አደርገዋለሁ። ወደ ኋላ ከ1.8 አሳልፌ እመልሰውና ወደ ፊት እያመጣሁ ልክ 1.8 ላይ አቆማለሁ። ወደ ፊት እያመጡ መቆም አስፈላጊ ነው፤ አለበለዚያ በየመጋጠሚያው ያለው ክፍተት ልኩን ያሳስታል። አሁን ፑንቲናው በዚህች ነጥብ ላይ ሊከፈት ሲል መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ በነጥቦቹ መሐል የሲጋራ ስስ ወረቀት አስገባለሁ። ወረቀቱን በቀስታ ሳብ አድርጌ ቮላኖውን በፀጉር ያህል አንቀሳቅሳለሁ። ይዞ ይዞ ድንገት ይለቃል። የለቀቀበት ቅጽበት ብልጭታው ነው። መለኪያው ላይ 1.8 ካነበብኩ ተስማማን። 1.5 ካነበብኩ ዘግይቷል፤ ክፍተቱን በትንሹ ማስፋት ነው። ብሎኗን ላላ፣ ፑንቲናውን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ፣ መልሶ ማጥበቅ። ሲጠብቅ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ከጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት።

አምፖል በባትሪ አስረው የሚሠሩም አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የኮይሉ ሽቦ ካልተነቀለ አምፖሉ ያታልላል። ፑንቲናው ቢከፈትም ኤሌክትሪኩ በኮይሉ በኩል ወደ ቦዲ ስለሚያልፍ አምፖሉ አይጠፋም፤ ደብዘዝ ብቻ ይላል። ሽቦውን ንቀሉና ለኩ።

ታይሚንጉ 1.8 ላይ ከተቀመጠ በኋላ የፑንቲናውን ከፍተኛ ክፍተት እለካለሁ። ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ውስጥ መውደቅ አለበት። ከወደቀ ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው። 1.8 እንዲመጣ ክፍተቱ 0.5 መሆን ካለበት ግን የሆነ ቦታ የተበላ ነገር አለ። ተረከዙ ሊሆን ይችላል፣ ካሙ ሊሆን ይችላል፣ ኪያቬታዋ ልትሆን ትችላለች። ክፍተቱ በለካችሁ ቁጥር የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ቮላኖውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ የክራንኩ ኩሽኔታ አልቋል። ያንን በፑንቲና ማስተካከል አይቻልም።

እኛ ሀገር አንድ ሌላ ክርክር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በስስ አየር እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራጨው። በዚህ ምክንያት "ደሴ ላይ ታይሚንግ መቅደም አለበት" የሚሉ መካኒኮች አሉ። ከአመክንዮው ጋር ጠብ የለኝም። ግን ሞተሩ ደሴ ብቻ አይውልም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ባቲ ድረስ ከሄደ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። ደሴ ላይ የቀደመው ብልጭታ ባቲ መንገድ ላይ፣ ጭነት ይዞ፣ ፒስተን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ እኔ 1.8ን አልነካም። ለከፍታው የሚስተካከለው የቤንዚኑ መጠን ነው። እዚህ ላይ ብቻ ነው ካርቡራተሩ ተራው የሚደርሰው፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ እየወጣ ከሆነ ጂግለሩን በአንድ ቁጥር ማሳነስ።

ከፑንቲና ይልቅ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይሻላል የሚሉኝም አሉ። ለአዲስ ሞተር አዎ፤ ምንም የሚበላ ነገር የለውም። ግን እሱ ሲሞት በአንዴ ነው የሚሞተው፤ አምባሰል ተራራ ስር ቢሞት ምንም አታደርጉለትም። ፑንቲና ቀድሞ ይነግራችኋል፤ ሲቆምም አንድ ካቻቢቴና አንድ ቁራጭ ካርቶን ያለው ሰው መንገድ ዳር ያስነሳዋል። አጎቴ ኩታበር ማዶ ማንም በሌለበት ስንት ጊዜ በእጁ አስነስቷታል። ሞተሯ የተሠራችው እንዲህ እንድትጠገን ነው፤ እንዲህ ሆና እንድትኖር እፈልጋለሁ።

ከተገጠመ በኋላ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ካሙን የምትቀባ ትንሽ ጥጥ መሰል ፌልት አለች። ደርቃ ከሆነ ተረከዙ በደረቅ ብረት ላይ ይፋጫል፣ በወራት ያልቃል። የክብሪት ራስ የምታህል ግሪስ ይበቃታል። ከበዛ ተረጭቶ ነጥቦቹ ላይ ያርፋል። በዝናብ ወቅት ደግሞ የክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እዩ። ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጧት እምቢ የሚሉት ሞተሮች ብዙዎቹ በዚህ ነው። ክዳኑን ከፍቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ያስነሳቸዋል።

አዲስ ፑንቲና ከገጠማችሁ ተረከዙ ከካሙ ጋር እስኪለማመድ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ክዳኑን መልሳችሁ ክፈቱና 1.8ን እንደገና ለኩ። ያን ጊዜ ጥቂት ዘግይቶ ታገኙታላችሁ። አስተካክሉት። ከዚያ በኋላ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ማየት ለኔዋ በቂ ሆኗል።